ለወታደራዊ ክፍላችን የእግር ኳስ ቡድን አባላት፦ የሁለተኛው ዙር ዝግጅት

ሰላም ለሁላችሁም፤

የሁለተኛው ዙር ጨዋታዎች መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይውላሉ፤ ባህር ዳር የምትሞቀውም ያኔ ነው። ስለዚህ ልምምድ ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 2 ሰዓት ይሆናል። በጨዋታ ቀን ሜዳ ከመግባታችሁ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ግማሽ ሊትር ውሃ ጠጡ፤ ጥም እስኪመጣ አትጠብቁ።

በመጀመሪያው ዙር በመጨረሻዎቹ 20 ደቂቃዎች የደከምነው ችሎታ አንሶን አይደለም። ትጥቅ ተሸክሞ ረጅም መንገድ የተጓዘ ባት በማግስቱ አይሮጥም። ከጨዋታ በፊት ባሉት 48 ሰዓታት የእግር ጉዞም ሆነ የሌሊት ጥበቃ እንዳይመደብልን ጠይቀናል። ወታደራዊ ጫማ ተረከዙን የላጠው ቀድሞ ይናገር፤ ቁስሉን ደብቆ የሚሰለፍ እያነከሰ ጉልበቱን ይጎዳል (ጀግንነቱ ለሌላ ቀን ይቆየን)።

ሜዳው አሁን ደረቅ ነው። ረጅም የብረት ጥርስ ያለው ታኬታ መሬቱን ስለማይወጋ ያንሸራትታል፣ ውስጥ እግርንም ያሳምማል፤ አጫጭርና ብዙ የፕላስቲክ ጥርስ ያለውን አድርጉ። ለኳስ የአየር ግፊት ደንቡ ከ0.6 እስከ 1.1 አትሞስፌር ይፈቅዳል፤ በዚህ መሬት 0.7 ይበቃል፣ ሲበዛ ይነጥራል።

ከልምምድ በኋላ ጣና ገብቶ መታጠብ ክልክል ነው፤ ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ (በውሃ የሚተላለፍ የትል በሽታ) አለ።

ታኬታ የሌለው የእግሩን ቁጥር እስከ ሐሙስ ዕቃ ግምጃ ቤት ያስመዝግብ።