ባቄላውና ክኒንዎ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ደሴ

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ኮምቦልቻ ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ሙቀቱ ብቻ አስቸገረን። ብዕር ያነሳሁት በስልክ ላስረዳዎት ስል ስለዘጉብኝ ነው።

እማዬ እንደነገረችኝ ከሰኞ ጀምሮ ክኒኑን ትተው ያንን በፌስታል የመጣ ዱቄት በማር እየዋጡ ነው። "ቅጠላ ቅጠል ሰው አይጎዳም" ብለዋታል። አልስቅብዎትም። ክኒንዎም እኮ መጀመሪያ የተገኘው ከባቄላ ነው!

እ.ኤ.አ. በ1913 ማርከስ ጉገንሃይም የሚባል የባዝል፣ ስዊዘርላንድ ኬሚስት የክኒንዎን ዋና መድኃኒት ሌቮዶፓን ከባቄላ ለይቶ አወጣ። 2.5 ግራም ራሱ ዋጠና ክፉኛ አስታወከው። ደፋር ሰው ነው መቼም። ከዚያ በ1961 ቪየና ላይ እንደ እርስዎ ላሉ የፓርኪንሰን ሕመምተኞች በመርፌ ሲሰጥ፣ አልጋ ላይ የዋሉት ተነስተው ሄዱ። እጅዎ የሚንቀጠቀጠው አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባለውን፣ እንቅስቃሴ የሚያስተካክል ንጥረ ነገር የሚሠሩት ሕዋሳት ስለሚያልቁ ነው። ሌቮዶፓው እዚያ ሲደርስ ዶፓሚን ይሆናል።

"እንግዲያውስ ባቄላዬን ልብላ" እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ሌቮዶፓ የሚበዛው በእሸቱ ቅርፊትና በጎንቆሉ ነው፤ ደረቁ ፍሬ ላይ እምብዛም ነው። ጎንቆሉም ቢሆን በአንድ እፍኝ ውስጥ ስንት እንዳለ ማን መዝኖት? ክኒኑ የተመዘነ ነው። ካርቢዶፓ የሚባል አጋዥም አለበት፤ መድኃኒቱ አንጎል ሳይደርስ መንገድ ላይ እንዳያልቅ ይጠብቀዋል፣ ማቅለሽለሹንም ይቀንሳል። የፌስታሉ ዱቄት ውስጥ ምን እንዳለ ግን ሻጩም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ክኒኑ አልሠራልኝም ያሉት ደግሞ ከምሳ ጋር ስለሚውጡት ይመስለኛል። የሥጋውና የሽሮው ፕሮቲን አንጀት ላይ ይሻማዋል። ከምግብ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለው ቢወስዱትስ? ሐኪሙን ይጠይቁልኝ። በድንገት ማቆሙ ግን ትኩሳትና መገታተር ሊያመጣ ይችላልና ነገ ጠዋት ሳይውሉ ሳያድሩ ይሂዱ።

እህቴ ለመርሳት ብላ የላከችልዎት የጊንኮ (የዛፍ ቅጠል ነው) እንክብልም ይቅር። አሜሪካ ውስጥ ከ3,000 በላይ አዛውንቶች የተሳተፉበት ጥናት 6 ዓመት ያህል ቆይቶ፣ ከመርሳት በሽታ እንደማይከላከል እ.ኤ.አ. በ2008 ታውቋል። እሷ ገንዘቧን ትያዝ።

ዱቄቱን አይጣሉት፣ ለሐኪሙ እናሳየዋለን። ቅዳሜ በማለዳ ሐረጎን ወጥቼ እደርሳለሁ። እማዬ ጎንቆል ትንከርልኝ፤ እርስዎ ክኒንዎን ውጠው ግማሽ ሰዓት ሲሞላ አብረን እንበላለን።

ልጅዎ