ደብዳቤ ለልጄ፦ ወንድምህን አትሸፍንለት

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ የእናትህም ጉልበት ተሽሏታል። ሐሙስ ማታ አብሯችሁ ቤዝ የሚጫወተው ልጅ ደውሎልኝ ነበር። አትቆጣው፤ ጨንቆት ነው። ወንድምህ መድረክ ላይ ግጥሙ ጠፍቶበት አንተ የሱን ዜማ አንስተህ ጨረስክለት፤ ወርደህም አዘጋጆቹን «ጉንፋን ይዞት ነው» አልካቸው። መድረክ ላይ ያደረግከው ልክ ነው። ወርደህ ያልከው ልክ አይደለም። ወንድምህን አትሸፍንለት።

ልማዱ ከየት እንደመጣብህ አውቃለሁ። አንተ ቴነር ነህ፤ ከዜማው በላይ ያለውን ድምፅ ትይዛለህ። ወንድምህ ዜማውን ይዞ ይሄዳል፣ አንተ ከላዩ ሆነህ ትከተለዋለህ። ሲተነፍስ ትተነፍሳለህ፤ ቃሉን ሲዘጋ ከንፈሩን አይተህ ትዘጋለህ። ድምፁ ትንሽ ሲወርድ አንተም አብረህ ትወርዳለህ፤ እኩል ከወረዳችሁ ሰሚው አይነቃም፣ አንተ ብቻህን ልክ ከሆንክ ግን ሁለታችሁም የተሳሳታችሁ ትመስላላችሁ። ጎበዝ ቴነር የመሪውን ጉድለት እንዲህ ይደብቃል፤ አንተም ጎበዝ ነህ። ክፋቱ ይህንኑ መኪና ውስጥም፣ ሆቴልም፣ ከእኛ ጋር ስልክ ላይም ማድረግህ ነው።

አሁን ያላችሁት ጆንሰን ሲቲ ነው። እንደናንተው ወንድማማች የነበሩት የብሉግራስ፣ የአሜሪካ ተራራ አገር የባንጆና የጊታር ዘፈን፣ ዘፋኞች የካርተርና የራልፍ ስታንሊ የመጀመሪያ ሸክላዎች የወጡት እዚያው ከነበረ ሪች አር ቶን ከሚባል ትንሽ ኩባንያ ነው፤ ጊዜው በፈረንጆቹ 1947። ዘፈኖቻቸውን ከእኔ የበለጠ ታውቃቸዋለህ። ኑሯቸውን ግን የዘፈኖቹን ያህል ያጠናኸው አይመስለኝም።

ካርተር የተወለደው በ1925፣ ራልፍ በ1927 ነው፤ ቦታው በቨርጂኒያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ ያለው ዲከንሰን ካውንቲ። በሚሄዱበት የባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መሣሪያ አይገባም፤ አንዱ ስንኙን ያወጣል፣ ሕዝቡ እየጎተተ ይቀበለዋል። አውጪና ተቀባይ ለኛ ሰው አዲስ ነገር አይደለም። እናታቸው ሉሲ ባንጆ ትመታ ነበር። ራልፍን አሳማ ወይስ ባንጆ ብላ አስመረጠችው፤ ዋጋቸው እኩል አምስት አምስት ዶላር ሲሆን ለሁለቱ የሚበቃ ገንዘብ አልነበራትም። ባንጆውን መረጠ። በ1946 ከውትድርና ሲመለስ ገና ቤቱ ሳይገባ ከወንድሙ ጋር ሬዲዮ ላይ ዘፈነ። በዚያው ዓመት ክሊንች ማውንቴን ቦይስ የተባለውን ቡድናቸውን አቋቁመው ብሪስቶል ደብሊው ሲ ዋይ ቢ ጣቢያ ላይ የቀትሩን ዝግጅት ያዙ። ቀን ሬዲዮ፣ ማታ ትምህርት ቤት አዳራሽ፣ ሌሊት ተራራ ለተራራ መንዳት፣ በነጋታው ቀትር ደግሞ ማይክ ፊት። አንድ ሌሊት ከአሽቪል ሲመለሱ ካርተር የመኪናውን የውስጥ መብራት አብርቶ ይጽፋል፤ ራልፍ መብራቱ አስቸግሮት ይነጫነጫል። ሲጽፍ የነበረው ያንን እናንተ በየመድረኩ የምትዘጉበትን፣ ለሞቱ ወላጆች የሚለቀሰውን ዘፈን ነው።

ከሕዝብ ጋር የሚያወራው፣ የሚያስተዋውቀው፣ የሚያስቀው ካርተር ነበር። ራልፍ ዓይነ አፋር ነበር፤ ከኋላ ይቆማል። ሮክ ኤንድ ሮል መጥቶ አድማጩን ሲወስድባቸው በ1958 ወደ ፍሎሪዳ፣ ወደ ላይቭ ኦክ ሄዱ። ቡድኑም እየሳሳ መጣ። ቀስ ያሉት ዘፈኖች ላይ ባዶውን የሚሞላ ማንዶሊን ሲጠፋ፣ የቡድኑ ጊታር መቺ ጆርጅ ሸፍለር ያንን ክሮስፒኪንግ፣ ገመዶቹን እያፈራረቁ መምታቱን፣ ያመጣው ለዚህ ነበር፤ አንተ እንደ ጌጥ የምትለማመደው ነገር የሰው ማነስ ያወጣው ነው። ካርተር ይጠጣ ነበር። ማርች 1966 አውሮፓን ዞረው ዘፈኑ፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር 1 ቀን ካርተር በጉበት ሕመም ሞተ። 41 ዓመቱ ነበር። ራልፍ በ39 ዓመቱ የሚከተለው ድምፅ ሳይኖረው ቀረ።

ሰው «ራልፍ እኮ ከዚያ በኋላ ሃምሳ ዓመት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ዘፈነ፣ በ2002 ግራሚ ወሰደ» ይልሃል። እውነት ነው። እኔን ግን በካርተር ቦታ ያቆማቸው ሰዎች ነገር ነው የሚከነክነኝ። ላሪ ስፓርክስ፣ ሮይ ሊ ሴንተርስ፣ ከዚያ ኪት ዊትሊ። ኪት ከሪኪ ስካግስ ጋር ሲመጣ ገና ልጅ ነበር፤ የካርተርን ድምፅ ቁርጥ አድርጎ ይዞታል። እሱም በ1989 በመጠጥ ተመርዞ ሞተ። ይህን ስጽፍልህ እጄ ከበደኝ። ወንድምህን አትሸፍንለት ልጄ። የአጎትህን ጠርሙስ ከአያትህ ስደብቅ የኖርኩት እኔ ነኝ፤ የቀረውን ታውቀዋለህ።

አሁን የምነግርህን ያዝ። ለቅዳሜው ብሪስቶል፣ ገመድ አርብ ቀይሩ፤ የዕለቱ ገመድ እየተለጠጠ ከቅኝት ይወጣል። በቢ ቅኝት የምትዘፍኑትን ካፖውን፣ አንገቱ ላይ የሚታሰረውን መቆንጠጫ፣ አራተኛው ፍሬት (የአንገቱ ክፍልፋይ) ላይ አስረህ የባንጆውን አምስተኛ ገመድ ዘጠነኛው ላይ ያዘው፤ ካፖ ገመዱን ስለሚጫን ድምፁ ከቅኝቱ ትንሽ ከፍ ይላል፣ ካሰርክ በኋላ እንደገና ቃኝ። ማይኩ አንድ ብቻ ይሁን፤ አገጫችሁ ትክክል፣ ወንድምህ ሁለት ስንዝር ያህል ርቆ፣ አንተ ከሱ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ፤ የላይኛው ድምፅ ይወጋል። ሞኒተር፣ የራሳችሁን ድምፅ የሚያሰማችሁን ስፒከር፣ ፊታችሁ አታስቀምጡ፣ ያፏጫል። ጊታሩን መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ጥለህ አትሂድ፤ ማጣበቂያው ይላላና ድልድዩ ይነሳል።

አንድ ማይክ ስር ትከሻ ለትከሻ ናችሁና ሽታውን ከማንም ቀድመህ የምታውቀው አንተ ነህ። የጠጣ ሰው ጉሮሮው ይደርቃል፣ ጆሮውም ያታልለዋል፤ ያንን ከፍተኛ ድምፅ ሲገፋው ይሰበራል። እንዲህ ሆኖ ካገኘኸው ዘፈኑን ከቢ ወደ ኤ አውርደው፤ ካፖ ሁለተኛው፣ አምስተኛው ገመድ ሰባተኛው ፍሬት ላይ። ግን ለምን እንዳወረድከው ፊት ለፊት ንገረው። «ማይኩ ነው» አትበለው።

ጠርሙሱን ግን በቁጣ አትድፋበት። በየቀኑ ሲጠጣ የቆየ ሰው በድንገት ሲያቆም ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ እስከ መንዘፍዘፍም ይደርሳል፤ ይህ ይገድላል። የሚያቆመው በሐኪም ነው። ራሴን አመመኝ ካለህ ታይለኖል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ አታቀብለው፣ ከመጠጥ ጋር ለጉበት አደጋ ነው። የዓይኑ ነጭ ቢጫ ከሆነ፣ ደም ካስመለሰው፣ ወይም ቀስቅሰኸው ካልነቃ በጎኑ አስተኛውና 911 ደውል፤ ኮንሰርቱ ይቅር። መኪናውን ሁልጊዜ አንተ ንዳ፣ ቁልፉም አንተ ኪስ ይደር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለውን እናትህ ስትደጋግመው ነው ያደግከው።

እወዳችኋለሁ፤ እሱንም። ባለፈው ገና ኩሽና ውስጥ ሁለታችሁ ያለ መሣሪያ ስትዘፍኑ እናትህ ሽንኩርቱን ትታ ቆማ ሰማቻችሁ፤ እስካሁን ታነሳዋለች። ሽሮና በርበሬ በፖስታ ልካለች፤ ማክሰኞ ይደርሳል፣ በርበሬውን ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጠው።

እሁድ ማለዳ እደውላለሁ። «ተኝቷል» እንዳትለኝ። ስልኩን ስጠው፤ ጠጥቶም ከሆነ ከነስካሩ ላናግረው።

አባትህ