ከስቴት ውጭ የሚማር ልጅ ያላችሁ፣ ከብድሩ በፊት ይህን እዩ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ልጅ ከስቴት ውጭ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ወላጅ ቀድሞ የሚያስበው ብድር መሆኑ ያሳስበናል። የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ነዋሪዎች መጀመሪያ «አካዳሚክ ኮመን ማርኬት» የተባለውን የደቡባዊ ስቴቶች የትምህርት ክፍያ ስምምነት ጠይቁ። ልጁ የሚፈልገው የትምህርት ዘርፍ በራሱ ስቴት ከሌለና በስምምነቱ ዝርዝር ውስጥ ካለ፣ በሌላ ደቡባዊ ስቴት የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ እንደ አገሬው ነዋሪ ይከፍላል። በዚያው ዘርፍ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ከራሱ ስቴት አስተባባሪ የነዋሪነት ማረጋገጫ ያወጣል። አደጋው በኋላ ነው፤ ዘርፍ ከቀየረ ቅናሹ ይቀራል።

የዋሽንግተን ዲሲ ልጆች «ዲሲ ታግ» የተባለ፣ ከዲሲ ውጭ ለሚማሩበት ክፍያ የሚያግዝ የማይመለስ እርዳታ አላቸው። በየዓመቱ እንደገና ማመልከት ግን ግድ ነው።

ብድር ካልቀረ፣ በወላጅ ሥር ላለ ተማሪ በራሱ ስም የሚሰጠው የፌዴራል ብድር በመጀመሪያው ዓመት 5,500፣ በሁለተኛው 6,500፣ ከዚያ በየዓመቱ 7,500፣ ቢበዛ በድምሩ 31,000 ዶላር ነው። እዚያ ላይ ቁሙ። «ፓረንት ፕላስ» የተባለው፣ የፌዴራል መንግሥት ለወላጅ የሚሰጠው ብድር፣ የወላጅ ዕዳ ነው፤ ልጁ ሥራ ቢይዝም መንግሥት ወደ እሱ ስም አያዛውረውም። አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች በሚልኩት የእርዳታ ደብዳቤ ላይ ግን ከስኮላርሺፑ ሥር ተደርድሮ ስለሚመጣ ስጦታ ይመስላል። ከምግብና ከመኝታ ጋር ካለው የዓመቱ ጠቅላላ ወጪ የማይመለሰውን የእርዳታ ገንዘብ ብቻ ቀንሱ፤ የአራት ዓመቱን ወጪ ለማወቅ የቀረውን በ4 አባዙት።