11ኛ ፎቅ ለምትፈራው ጓደኛዬ

ሰላም የኔ ቆንጆ፣

እንዴት ነሽልኝ፣ ልጆቹስ፣ ባልሽስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ጅማም እንደምታውቂያት ናት፣ ከሰዓት በኋላ ዳመናው በጅሬን በኩል ይመጣና ያወርደዋል፣ አወቱ ወንዝ ይሞላል፣ ባጃጆቹ ዋጋ ይጨምራሉ፣ በቃ። ማን ቀድሞ ዝም እንዳለ አንነታረክ፣ ሁለታችንንም ስራና ልጅ ነው የዋጠን። ቴሌግራም ላይ ስምሽን ሳይ ደስታዬ ልክ አልነበረውም፣ ከፍቼ ሳነበው ግን ሳቄና ንዴቴ አንድ ላይ መጡ። ቢሮው 11ኛ ፎቅ ላይ ስለሆነና ሊፍት ውስጥ መግባት ስለምትፈሪ ያንን የመሰለ ስራ እምቢ ልትይ ነው? ለባልሽ ደሞዙ አልተስማማኝም ብለሽው፣ እውነቱን ለኔ ብቻ፣ ያውም "ለማንም እንዳትነግሪ አበደች ይሉኛል" ብለሽ። ወላሂ ይሄን ሁሉ የምታስጽፈኝ ያቺ አንድ መስመር ናት፣ ስለዚህ ቁጭ በይ፣ ረጅም ነው።

እኔ እኮ ቀኑን ሙሉ ከፎቢያ (ከልክ ካለፈ ፍርሃት) ጋር ነው የምውለው፣ ላብራቶሪ ውስጥ ደም እየቀዳሁ ሌላ ምን ይመጣብኛል። በቀደም አንድ የቡና መጋዘን ጫኝ መጣ፣ ያንን ጆንያ በትከሻው አዝሎ መኪና ላይ የሚወጣ ሰው ነው፣ ክንዱ የኔን ወገብ ያክላል። ላስቲኩን ሳስርለት ፊቱ አመድ መሰለ፣ መርፌውን ከማሸጊያው እንኳ ሳላወጣው ዘፍ አለልኝ። ወረፋ የያዘው ሁሉ ሳቀ። እኔ አላሳቀኝም፣ ምክንያቱም የደምና የመርፌ ፍርሃት ከሌሎቹ ሁሉ ለየት ያለ ነው፣ የወንድነት ጉዳይም አይደለም። ሌላ ነገር ሲያስፈራሽ ልብሽ ይመታል፣ ፕሬሸርሽ ይወጣል፣ እዛው ይቆያል። እነዚህ ግን መጀመሪያ ትንሽ ይወጣላቸውና ወዲያው ቁልቁል ይወርዳል፣ የልብ ምቱም ይቀንሳል፣ ጭንቅላት ደም ያጥረዋል፣ ከዚያ መውደቅ ነው። በዘርም ይሄዳል፣ ስጠይቀው አባቱም ልክ እንደሱ ናቸው አለኝ። ለእንደዚህ አይነት ሰው "ዘና በል፣ ሰውነትህን ልቀቀው" ማለት ጭራሽ ይጥለዋል። ላርስ ጎራን ኦስት የሚባል ስዊድናዊ የሥነ ልቦና ምሁር በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ያስተማረው ዘዴ አለ፣ የእጅ፣ የእግርና የሆድ ጡንቻን ጥብቅ አድርጎ ፊት ሞቅ እስኪል ከ10 እስከ 15 ሰከንድ መያዝ፣ ከዚያ መልቀቅ፣ ግን ዝልፍልፍ ማለት ሳይሆን ወደ ነበረበት መመለስ ብቻ፣ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆይቶ እንደገና፣ እንዲህ አምስት ጊዜ ያህል መደጋገም። ሰውየውን አስተኝቼ እግሩን ከፍ አድርጌ ሲነቃልኝ ይሄንን አሰራሁት፣ የምቀዳበትን ክንድ ብቻ ላላ አድርጎ፣ ቀዳሁት፣ ተነስቶም በእግሩ ሄደ።

ይሄን ሁሉ የማወራሽ ለምን መሰለሽ፣ አንቺ "ሊፍቱ ውስጥ ራሴን ስቼ ብወድቅስ" ብለሻል። ያንቺው ፍርሃት እኮ ፕሬሸር የሚያወጣው አይነት ነው፣ ራስ መሳት ደግሞ ሲወርድ ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ የመውደቅሽ ነገር በጣም ሩቅ ነው። ማዞሩና ጣትሽን የሚነዝርሽ ቶሎ ቶሎ ስለምትተነፍሺ ነው፣ ደስ አይልም ግን አይጥልሽም።

አበደች ይሉኛል ላልሽው ደግሞ፣ በሂፖክራተስ ስም በሚታወቁት የጥንት ግሪክ የህክምና ጽሑፎች ውስጥ ኒካኖር የሚባል ሰውዬ አለልሽ። ማታ ግብዣ ላይ ዋሽንት የምትነፋዋ ሴት ስትጀምር ፍርሃት ይዞት መድረሻ ያጣል፣ ያንኑ ዋሽንት ቀን ቢሰማው ግን ምንም አይመስለውም። ሌላው ዴሞክለስ ደግሞ ገደል አፋፍ ላይ መሄድ አይችልም፣ ድልድይም አይሻገርም፣ ከድልድዩ በታች ያለው ጉድጓድ ውስጥ ወርዶ ግን ይሄዳል። ይሄ ከተጻፈ ከ2000 ዓመት በላይ ሆኖታል፣ ያኔ ሊፍት የለ ኮንዶሚኒየም የለ። አሁንም ቢሆን የዓለም ጤና ድርጅት በብዙ አገሮች ባስጠናው ከ100 ሰው 7ቱ ገደማ በዕድሜያቸው የሆነ ጊዜ ላይ አንድ የተለየ ነገር የመፍራት ፎቢያ አለባቸው፣ ሴቶች ላይ ከወንዶች እጥፍ ገደማ ይሆናል (ወይ ወንዶቹ አይናገሩም፣ እኔ እንጃ፣ የኔ ጫኝ ባይወድቅ መቼ ይናገር ነበር)። ሁሉም ፍርሃት ግን ፎቢያ አይደለም ደግሞ። ቦዬ ሐይቅ ሄዶ ጉማሬ አጠገብ የማይፈራ ሰው ካለ እሱ ነው መመርመር ያለበት። ፎቢያ የሚባለው ፍርሃቱ ከአደጋው ጋር ሳይመጣጠን ሲቀር፣ ስድስት ወርና ከዚያ በላይ ሲቆይ፣ ኑሮሽንም ሲያጠብብሽ ነው። ደረጃ መውጣት ስፖርት ነው ብለሽ ራስሽን ስትሸነግይ ኖረሽ አሁን እንጀራሽ ላይ ሲመጣማ በቃ ገብቶልሻል።

ከየት መጣብኝ ብለሽ ጠይቀሽኛል፣ ምንም ደርሶብሽ እንደማያውቅ። ሊሆን ይችላል፣ ብዙ ሰው መነሻውን አያውቀውም። ከመነሻዎቹ አንዱ በቀጥታ የደረሰ ነገር ነው። በፈረንጆቹ 1920 ዋትሰንና ሬይነር የሚባሉ አሜሪካኖች አንድ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ላይ የሰሩትን ጉድ ባወራሽ ታለቅሻለሽ፣ ነጭ አይጥ ያሳዩታል፣ ልጁ ምንም አይፈራም፣ እጁን ሲዘረጋ ከኋላው ብረት በመዶሻ ይመቱበታል፣ ይደነግጣል፣ ያለቅሳል፣ ደጋገሙት፣ በኋላ አይጡን ብቻ ሲያይ ማልቀስ ጀመረ፣ ከዚያም ጥንቸል፣ ፀጉራም ኮት፣ ፀጉራም ነገር ሁሉ። እባብ ያየ በልጥ በረየ የሚሉት አባቶቻችን ሕፃን ሳያስለቅሱ ነው የደረሱበት። ሌላው መንገድ ደግሞ ማየት ነው። ሱዛን ሚኔካ የምትባል ተመራማሪ ላብራቶሪ ውስጥ ያደጉና እባብ የማይፈሩ ጦጣዎችን ሌላ ጦጣ እባብ ሲፈራ በቪዲዮ ስታሳያቸው ወዲያው ፍርሃቱን ተማሩ፣ ቪዲዮውን ቆርጣ ቀጥላ ጦጣው አበባ የፈራ አስመስላ ስታሳያቸው ግን አበባ መፍራት አልተማሩም። ማለት አእምሯችን አንዳንዱን ነገር ለመፍራት ከድሮ የተዘጋጀ ይመስላል፣ እባብ፣ ከፍታ፣ መዘጋት። ለዛ ነው መርካቶ መሃል በየቀኑ ሊገጨን የሚደርሰውን ባጃጅ የሚፈራ ፎቢያ ያለበት ሰው አይቼ የማላውቀው፣ ፍትህ ቢኖርማ ባጃጅ ነበር መጀመሪያ መፈራት ያለበት።

አንቺን ግን እኔ የማስታውስሽ ድብብቆሽ ስንጫወት ቁምሳጥን ውስጥ አልገባም ብለሽ ሁሌ በር ኋላ ስትቆሚና መጀመሪያ ስትገኚ ነው፣ እናትሽም አውቶብስ ውስጥ መስኮት ካልተከፈተ ይጨንቃቸው ነበር አይደል? እንግዲህ ከሳቸው አይተሽ ይሁን ከተፈጥሮሽ፣ ዋናው ነገር መነሻውን ባናገኘውም ፍርሃቱ ይታከማል፣ ጉድጓዱን ቆፍረሽ ሥሩን እስክታገኚ መጠበቅ የለብሽም።

አየር የሚያጥርሽ ስለሚመስልሽ ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ጭንቅላት ውስጥ አሚግዳላ የሚባለው የፍርሃት ክፍል በበሽታ የጠፋባት አንዲት ሴትዮ አለች፣ ተመራማሪዎች ኤስ ኤም ነው የሚሏት፣ እባብ ትነካለች፣ አስፈሪ ፊልም አይሞቃት አይበርዳት። በፈረንጆቹ 2013 በወጣው ጥናት ግን ካርቦንዳይኦክሳይድ የበዛበት አየር በጭምብል ሲያስተነፍሷት በድንጋጤ ጭምብሉን ከፊቷ ልትነጥቀው ታገለች። ይሄን ሳነብ አንቺ ነሽ ትዝ ያልሽኝ፣ የመታፈን ፍርሃት ከሁሉም ጥልቅ ቦታ ነው የተቀመጠው፣ ስለዚህ ሲመጣብሽ ራስሽን ደካማ ነኝ አትበዪ። ሊፍት ግን አየር የሚገባበት ቀዳዳ አለው፣ የታሸገ አይደለም። ገመዱም አንድ አይደለም፣ ቢበጠስ እንኳ የሚይዝ ፍሬን አለው፣ ኦቲስ የሚባለው ሰውዬ በፈረንጆቹ 1854 ኒውዮርክ ውስጥ ሕዝብ ፊት እላዩ ላይ ቆሞ ገመዱን አስቆርጦ አሳይቷል። ይሄን ማወቅ ብቻ ፍርሃቱን አያስለቅቅሽም፣ አውቃለሁ፣ ሰውነትሽ ወሬ አይሰማም።

ደግሞ ሌላው ሰው ምን እንደሚፈራ ብታውቂ ያንቺ ሊፍት የተከበረ ፍርሃት ነው። ፊኛ የሚፈራ አለ፣ የሸሚዝ ቁልፍ የሚፈራ አለ፣ ኦቾሎኒ ቅቤ ላንቃ ላይ መጣበቁን ለመፍራት ሳይቀር ስም አውጥተውለታል፣ ስልኬ ባትሪ ዘግቶ ብቆረጥስ የሚለውንም እንዲሁ (ይሄኛው እኔንም ይነካኛል)። የኛ ጎረቤት ደግሞ ማር ነጋዴ አግብታ የማር እንጀራ ማየት አትችልም! ሰፈፉ ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ስታይ ሰውነቷ ይሰቀጥጣል፣ ያስመልሳታል፣ የጤፍ እንጀራ ዓይን ግን ምንም አይላትም፣ ትበላዋለች። የቀዳዳ ፍርሃት እራሱን የቻለ በሽታ ተብሎ መዝገብ ላይ አልሰፈረም፣ ከፍርሃት ይልቅ መጸየፍ ይመስላል የሚሉ አሉ፣ እሷን ሳያት እኔም እንደሱ ነው የሚመስለኝ። ባልየው ማሩን አጣርቶ ነው አሁን ቤት የሚያስገባው፣ ፍቅር ይሄ ነው።

አሁን ወደ መድኃኒቱ። የእህቴን ልጅ ታውቂያታለሽ ትንሿን፣ ጫጩት ያላት ዶሮ ዘላባት ከዚያ ወዲህ ዶሮ ካየች ጎረቤት ድረስ ነው የምትሮጠው፣ በዓል በመጣ ቁጥር ቤቱ ይበጠበጣል። አጎቷ ሊያደነድናት ብሎ ዶሮዋን አንጠልጥሎ አምጥቶ ጭኗ ላይ ጣለባት፣ ከዚያ በኋላ ትራስ ውስጥ ያለ ላባ ሳይቀር መፍራት ጀመረች። እናቴ ዱዓ አስደረገችላት፣ ጥሩ ነው፣ ዱዓውም ይሁን ብዬ እኔ ደግሞ ሜሪ ከቨር ጆንስ የምትባል ሴትዮ በፈረንጆቹ 1924 የጻፈችውን ሞከርኩ። እሷ ጥንቸል የሚፈራ ጴጥሮስ የሚሉትን ልጅ የሚወደውን እያበላች ጥንቸሉን ከሩቅ ጀምራ በየጊዜው ትንሽ ትንሽ እያስጠጋች ነው ያስለቀቀችው። እኛም ዶሮዋ በረት ውስጥ ሆና ከጓሮው ጫፍ ጀመርን፣ ልጅቷ ብስኩቷን ይዛ፣ "ዛሬ እስከ የት?" የምትለው እሷው ናት፣ እኛ አንገፋትም። አሁን እንቁላል ራሷ ትለቅማለች፣ ዶሮዋን መያዝ ግን ገና ነው፣ አውራውንማ አታንሺው።

ያንቺም እንደዚሁ ነው። ፍርሃትን የሚቀልበው መሸሽ ነው፣ ደረጃውን በወጣሽ ቁጥር ለጭንቅላትሽ "ሊፍቱ ሊገድለኝ ነበር፣ አመለጥኩ" እያልሽው ነው። መጀመሪያ ሎቢው ውስጥ ቆመሽ ሊፍቱ ሲከፈት ሲዘጋ እይው፣ እስኪሰለችሽ። ከዚያ በሩ ክፍት ሆኖ ግቢና ቁሚ፣ ጥበቃውን ወይ እህትሽን በሩን እንዲይዙልሽ አድርገሽ። ከዚያ አንድ ፎቅ ከሰው ጋር፣ ከዚያ ብቻሽን። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚሳሳተው ምን መሰለሽ፣ አንዴ ይወጣና "ተወጣሁት" ብሎ ይሄዳል፣ የሊፍት ጉዞ ግን ሰከንዶች ነው፣ ፍርሃቱ ጣሪያ ላይ እያለ ነው የምትወጪው። ስለዚህ ከሊፍቱ ሳትለቂ ላይና ታች ደጋግመሽ ሂጂ፣ ልብሽ ራሱ ተሰላችቶ እስኪረጋ። ባልሽን ስልክ ላይ አድርጎ መውጣት፣ ዓይን ጨፍኖ መቁጠር፣ የውሃ ጠርሙስ ጨብጦ መያዝ ለጊዜው ይረዳል ግን ቀስ በቀስ ጣያቸው፣ አለበለዚያ ያዳነኝ ስልኩ ነው ነው የምትዪው። ኦስት ያልኩሽ ሰውዬ ይሄን መሰሉን እስከ ሦስት ሰዓት በሚቆይ አንድ ቀጠሮ ነው ብዙ ሰው ላይ የሚጨርሰው፣ ግን ፈቅደሽ፣ ደረጃ በደረጃ፣ ከባለሙያ ጋር፣ እንደ አጎትየው ውርወራ አይደለም።

መብራት ይጠፋል እንዳትዪኝ፣ ይጠፋል፣ እሱ ፎቢያ ሳይሆን አዲስ አበባ ነው። ጄኔሬተር ካላቸው ጠይቂ፣ ከቆመ ማን እንደሚከፍት፣ የማን ስልክ እንደሚደወል እወቂ፣ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ነው ያንቺ ፍርሃት።

ክኒን ደግሞ ዝም ብለሽ ከፋርማሲ እንዳትገዢ። ዳያዝፓምና መሰሎቹ ለዚያች ሰዓት ያፈዙሻል፣ ጭንቅላትሽ ግን ምንም አይማርም፣ ይለመዳልም። በልምምድሽ ቀን ቡናም ቀንሺ (የጅማ ሰው ይሄን ሲል ይገርምሽ)፣ ጫትማ ጭራሽ፣ ልብ እያስመታ ፍርሃት ነው ያስመስልብሻል። ብቻሽን ካቃተሽ አማኑኤል ሆስፒታል አለ፣ የግልም አለ፣ እዚህ መጥተሽ ልታይ ካልሽ ደግሞ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሳይካትሪ ክፍል አለ፣ እኔው ወረፋ እይዝልሻለሁ፣ ሰው አየኝ አላየኝ የሚለውን ለኔ ተይው።

ለባልሽም ንገሪው፣ ደሞዝ ነው ብሎ ሲያስብ ተናዶብሽ ይሆናል እኮ። ለስራው መልስ የምትሰጪበት ቀን መቼ ነው? እሱን አልጻፍሽልኝም። ጊዜ ስጡኝ በያቸው፣ እምቢ ሳትዪ። ማር በሰው እልክልሻለሁ፣ የተጣራውን፣ ስልክሽ የድሮው ነው ወይስ ቀይረሽዋል፣ ሰውየው ሲደርስ የሚደውልበትን ላኪልኝ።

ያንቺው፣
የጅማዋ