ስለ ካር ሲት ገጠማ የቀረበ ቅሬታ

መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለሱቁ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ የልጄ ካር ሲት በስህተት ስለመገጠሙ

ቅዳሜ መጋቢት 6 ቀን ቦሌ ካለው ሱቃችሁ ለአምስት ወር ልጄ ካር ሲት፣ ማለትም መኪና ውስጥ የሚታሰር የሕፃን ወንበር ገዛሁ። ለገጠማ ደግሞ ለብቻው 800 ብር ከፈልኩ፤ ደረሰኙ ላይ አለ። ወንበሩ ጥሩ ዕቃ ነው፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ አገጣጠሙ ላይ ነው።

የገጠመው ልጅ ትሁት ነው። ፈጣንም ነው፤ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። ካርቶኑን ቀደደ፣ ወንበሩን አውጥቶ ጋቢና ላይ አስቀመጠ፣ ቀበቶውን አሳልፎ ሰካ። ከዚያ በመዳፉ ሁለቴ መታ መታ አደረገና «አለቀ እህቴ» አለኝ። ካርቶኑን በሩ አጠገብ ያለው ክምር ላይ ወረወረው። መመሪያው እዚያ ውስጥ ቀረ። ማንም አልገለጠውም። እኔም ምንም አልጠየቅኩም፤ 800 ብር የከፈልኩት የሚያውቅ ሰው ይሠራዋል ብዬ ነው።

ወደ ገርጂ ስመለስ ኢምፔሪያል ጋ ከፊቴ የነበረ ሚኒባስ «ወራጅ አለ» ሲባል መሀል መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ፍሬን ያዝኩ። አዲስ አበባ ውስጥ በቀን አሥር ጊዜ የሚያዝ ዓይነት ፍሬን ነው። ወንበሩ ግን ልጄን እንደያዘ ወደ ክሩስኮቱ ተንሸራቶ ወደ በሩ ጋደል አለ። እሷ አልነቃችም። እኔ ዳር ይዤ ቆምኩ፤ እጄ እስኪረጋጋ መንዳት አልቻልኩም።

ማታ ሜሪላንድ ላለችው እህቴ በቪዲዮ ደወልኩና ስልኩን ይዤ ወደ መኪናው ወረድኩ። ገና እንዳየችው «ጋቢና? ኤርባጉስ?» አለች። የፀሐይ መከላከያውን አውርጄ አየሁት። ወደ ኋላ የዞረ የሕፃን ወንበር ተስሎ በቀይ ተሰርዞበታል። በዚህ መኪና ስንት ዓመት ስነዳ አስተውዬው አላውቅም። ኤርባግ መኪና ሲጋጭ ከክሩስኮቱ ተነፍቶ የሚወጣው ከረጢት ነው፤ ዓይን ከመጨፈኑ በፊት ነው የሚፈነዳው። ወደ ኋላ የዞረ ወንበር ደግሞ ጀርባው ወደ ክሩስኮቱ ስለሚጠጋ፣ ምቱ የሚያርፈው ልክ የልጅቷ ጭንቅላት ባለበት በኩል ነው።

«እስቲ ቀበቶውን አሳዪኝ» አለች ቀጥላ። ወንበሩ ጎን ላይ ሰማያዊና ቀይ ምልክት አለ። ወንበሩ ወደ ኋላ ሲዞር ቀበቶው በሰማያዊው ያልፋል፣ ወደ ፊት ሲዞር በቀዩ። የልጄ ወንበር ወደ ኋላ ዞሮ ቀበቶው የገባው በቀዩ ነበር። ቀበቶው ባለፈበት ቦታ ይዤ እንድነቀንቀው ነገረችኝ። ከ2.5 ሴንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። የእኔው አንድ ስንዝር ሄደ። የትከሻ ማሰሪያው ደግሞ ጆሮዋ ድረስ ከፍ ብሏል፤ በዚህ ዕድሜዋ ከትከሻዋ እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ማለት ነበረበት።

አንድ ጥፋት የራሴ ነው። ልጅቷን በጋቢ ጠቅልዬ ነው ያሰርኳት። ጋቢው ውስጥ ሲገባ ማሰሪያው የጠበቀ ይመስላል እንጂ ሰውነቷን አይዝም። መጀመሪያ ይታሰራል፣ ጋቢው ከላይ ይለበሳል። ግን ስጠቀልላት ሠራተኛችሁ አጠገቤ ቆሞ ነበር።

ሰኞ ሱቁ ስደውል ስልኩን ያነሳው ሰው የሰጠኝ መልስ «እህቴ፣ ሁላችንም በእናታችን እቅፍ ነው ያደግነው፣ ምንም አትሆንም» የሚል ነው። እኔም እንደዚያው ነው ያደግኩት። ታዲያ እቅፍ የሚበቃ ከሆነ እናንተ የምትሸጡት ምንድን ነው? ይኸው ሰውዬ ዓመት ሲሞላት ወደ ፊት እንዳዞራትም መከረኝ። ወንበሩ ላይ አር 129 የሚል ምልክት ተለጥፏል። ይህ የተባበሩት መንግሥታት የልጆች መኪና ወንበር ደንብ ደግሞ ከ15 ወር በፊት ወደ ፊት ማዞርን ይከለክላል። እህቴ አገር ሜሪላንድ እንኳ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕጉ እስከ 2 ዓመት ነው። የሕፃን ጭንቅላት ከሰውነቱ አንጻር ከባድ ነው፣ አንገቱ ገና አልጠናም። መኪናው ከፊት ሲጋጭ ወደ ኋላ የዞረ ልጅ በጀርባው ሙሉ ወንበሩ ላይ ያርፋል። ወደ ፊት ከዞረ አንገቱ ነው የሚጎተተው።

800 ብሩ ይመለስልኝ፤ ያልተሠራ ሥራ ክፍያ ነው። መመሪያውን ፈልጋችሁ ስጡኝ፣ ከጠፋም ሌላ አምጡልኝ። ከዚህ በኋላ የሚገጥመው ሰው መመሪያውን አንብቦ ይግጠም፤ ለደንበኛውም አሳይቶ ያስረክብ። ከሁሉ በላይ ግን ቀደም ብላችሁ የገጠማችሁላቸውን ሰዎች ደውላችሁ ጥሯቸው። ቅዳሜ እኔ ተራ ስጠብቅ ብቻ ልጁ ሁለት መኪና ላይ ሲገጥም አይቻለሁ፣ አንዱ እንደኔው ጋቢና ላይ ነው። እነዚያ ሰዎች ሜሪላንድ እህት ላይኖራቸው ይችላል።

አሁን ወንበሩ የኋላ መቀመጫ ላይ ነው። እህቴ በስልክ እየመራችኝ፣ በጉልበቴ ተጭኜ ቀበቶውን እየሳብኩ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጅቶብኝ ገጠምኩት። ቅዳሜ መጋቢት 13 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት መኪናውን ይዤ እመጣለሁ። ልጄ አያቷ ጋ ትቆያለች። የደረሰኙን ቅጂና ያነሳኋቸውን ፎቶዎች አያይዣለሁ፤ ስልኬም ደረሰኙ ላይ አለ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ