ሽጉጥ ያልተተኮሰበት የስለላ ልብ ወለድ፦ የንባብና ሥነ ጽሑፍ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ሚኒ ሚዲያችንን ሲሰማ የከረመ ሰው ክበባችን ዘንድሮ ምን ሲሠራ እንደነበር ያውቃል። ሐሙስ ሐሙስ በእረፍት ሰዓት ይነበብ የነበረው የስለላ ልብ ወለድ የልጆቻችን ነው። ምዕራፍ በምዕራፍ እየተቀባበሉ ራሳቸው ጻፉት። ታሪኩ የምትታደን ሳይንቲስትን ከአገር ስለማሾለክ ነው።

መነሻውን የሰጠን የፊዚክስ መምህራችን ነው። ሊዘ ማይትነር የምትባል የኦስትሪያ ተወላጅ የፊዚክስ ሊቅ በርሊን ውስጥ ከ30 ዓመት በላይ ሠርታለች። ትውልዷ ከአይሁድ ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 1938 አይሁዶችን ታሳድድ የነበረችው የናዚ ጀርመን ኦስትሪያን ስትጠቀልል የኦስትሪያ ፓስፖርቷ ዋጋ አጣ። በዚያው ዓመት ጁላይ ላይ፣ በ59 ዓመቷ፣ ሁለት ትንንሽ ሻንጣ ይዛ በባቡር ወደ ሆላንድ አመለጠች። ይዟት የወጣው ዲርክ ኮስተር የሚባል ሆላንዳዊ የፊዚክስ ሊቅ ነው። የሥራ ባልደረባዋ ኦቶ ሃን ደግሞ ድንበር ላይ ጉቦ ካስፈለገ ብሎ የእናቱን የአልማዝ ቀለበት ሰጣት።

ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ጭቅጭቁ ጦፈ። አንዱ “ቲቸር፣ ጠባቂዋ ሽጉጥ ካልያዘ ምኑን ስለላ ሆነ?” አለኝ። ተከራክረው ተከራክረው ሽጉጡን ከታሪኩ ራሳቸው አወጡት።

“የስለላ ታሪክ ለተማሪ ምን ይፈይዳል?” የሚል ጥያቄ ከመምህራንም ከወላጆችም መጥቶልኛል። ቤተ መጻሕፍታችንን የረገጠ የማይመስለኝ ልጅ የበርሊንን ባቡር መስመር ፍለጋ አትላስ ሲያገላብጥ አይቻለሁ። አቶም መሰንጠቅ ማለት ምን እንደሆነ ለማወቅ ፊዚክስ ክፍል በር ላይ ተሰልፈዋል። ማይትነር ከእህቷ ልጅ ከኦቶ ፍሪሽ ጋር የዚህን የአቶም መሰንጠቅ ምስጢር የፈታችው በስደት ስዊድን ሆና ነው። ለግኝቱ የተሰጠው የ1944ቱ የኬሚስትሪ ኖቤል ግን የሃን ብቻ ሆነ። ልጆቹ በዚህ ከልባቸው ተናደዋል። ከዚህ በላይ ምን ትምህርት አለ?

ሳምንታዊ ስብሰባዎቻችን እንደተለመደው ተካሂደዋል፤ ቃለ ጉባኤው ቢሮ አለ። እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ፉሪ ለቡ ባቡር ጣቢያ ነው።

አብዛኞቹ ልጆች የድንበሩን ምዕራፍ ሊጽፉ ሲነሡ ረጅም መንገድ የሚሄድ ባቡር አይተው አያውቁም ነበር። ስለዚህ ፉሪ ለቡ ጣቢያ ወሰድናቸው። ሌሎቹ ባቡሩን ፎቶ ሲያነሡ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ ፍተሻው ጋ ቆማ ቀረች። ዓመቱን ሙሉ ድምጿን የሰማሁት ስም ስጠራ ብቻ ነው። ነጠላ የለበሱ አንድ እናት ተራ እየጠበቁ ቲኬታቸውን ያጥፋሉ፣ ይዘረጋሉ፣ መልሰው ያጥፋሉ። ልጅቷ እሳቸውን ነበር የምታየው። ወደ እኔ መጥታ “ቲቸር፣ ሰው ሲጨነቅ ፈታሹን አያይም። የራሱን እጅ ነው የሚያየው” አለችኝ።

በሳምንቱ ምዕራፉን ጽፋ መጣች። መርማሪው ፓስፖርቱን ገልጦ ሲያይ ሳይንቲስቷ የጓንቷን ቁልፍ ትፈታለች፣ መልሳ ትቆልፋለች። ቀለበቱ በኪሷ አለ። ማንም አልጠየቃትም። ባቡሩ ተንቀሳቀሰ። በቃ፣ ይኸው ነው። ራሷ ማይክ ይዛ ስታነበው ኳስ የሚጫወቱት ሳይቀሩ ባንዲራው ሥር ተሰብስበው ነበር። የበር ጥበቃችን ጋሼ ከቀናት በኋላ አስቁመውኝ “መምህር፣ ሴትዮዋ አለፈች ወይስ መለሷት?” ብለው ጠይቀውኛል። እኔ በዚህች ልጅ ኮርቻለሁ፤ ትምህርት ቤቱም ሊኮራባት ይገባል።

ያልተሳካም አለ። በሁለተኛው ሴሚስተር ማይኩ ተበላሽቶ የመጨረሻዎቹ ምዕራፎች አልተነበቡም። የ12ኛ ክፍል ልጆች ለብሔራዊ ፈተና ሲሉ ቀርተውብናል፤ አልፈርድባቸውም። ለስፖርት ክበብ አዲስ ማሊያ ሲገዛ አብረን አጨብጭበናል። ለእኛ ግን አንድ ደስጣ ወረቀት ለማውጣት ስንት ቢሮ እንደተመላለስን የሚያውቅ ያውቀዋል።

ልብ ወለዱ አልቋል። አሁን በልጆቹ የእጅ ጽሑፍ ደብተር ላይ ነው ያለው፤ ማስተየብና ማባዛት ይቀረዋል። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ለመጪው ዓመት በጀት ሲይዝ የኅትመቱንና የማይኩን ጥያቄያችንን እንዲያይልን እንጠይቃለን። የቀድሞ ተማሪዎችም ወረቀት ወይም ቀለም መርዳት ከቻላችሁ ለቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ማስረከብ ይቻላል። ደብተሮቹም እዚያው ናቸው፤ ከመወሰናችሁ በፊት መጥታችሁ አንብቧቸው።