ከዛንዚባር መልስ፦ ለጫጉላ ጉዟችን ለደከማችሁ ሁሉ የቀረበ ምስጋና

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፣ ሚዜዎቻችን፣ ዘመዶቻችን፣ የሥራ ባልደረቦቻችንና ወዳጆቻችን፤

ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈጸመውን ሠርጋችንን ላደመቃችሁልን ሁሉ በዕለቱም በመልሱም ቆመን አመስግነናችኋል። የዛሬው ደብዳቤ ስለ ድግሱ ሳይሆን ከድግሱ በኋላ በዛንዚባር ስላሳለፍናቸው ዘጠኝ ሌሊቶች ነው፤ እነዚያን ቀናት ቀድመው ላሰቡልን፣ ወጪውን ለተጋሩንና በሰው አገር ችግር ሲገጥመን ለደረሱልን ሰዎች ምስጋናችንን በጽሑፍ ማድረስ እንዳለብን እኔና ባለቤቴ ገና ሳንመለስ ተስማምተን ነበር።

በመጀመሪያ የማመሰግነው ታላቅ እህቴን ነው። በአስጎብኚነት ሥራ ብዙ ዓመት የቆየች ስለሆነች፣ ከሠርጉ ሁለት ወር አስቀድመን በዘጠኝ ቀን ውስጥ አሥራ ሰባት ነገር ለማየትና ለመሥራት ያወጣነውን ዕቅድ ይዘን ሄድን። ወረቀቱን አንብባ ስትጨርስ እስክሪብቶ አንስታ ከግማሽ በላዩን ሰረዘችና፣ «ሠርግ ያደከመው ሰው በቀን አንድ ነገር ከቻለ ብዙ ነው» አለችን። ባለቤቴ ቅር ብሎት ነበር፤ እኔም አልደበቅኩም። እርሷ ግን ምን ማየት እንደምንፈልግ ከመጠየቋ በፊት ባሕሩ በየትኛው ቀን በስንት ሰዓት እንደሚሸሽና እንደሚመለስ ተመለከተች። ጨረቃዋ ጥር 21 ቀን ስለምትወለድ በቀጣዮቹ ጥቂት ቀናት ባሕሩ ከወትሮው ርቆ እንደሚሸሽ ነገረችንና፣ በምሥራቁ ዳርቻ በፓጄ አራት ሌሊት ቆይተን በተራቆተው የባሕር ወለል ላይ እንድንሄድ፣ ከዚያ ውኃው እምብዛም ወደማይርቅበት ወደ ሰሜኑ ኑንግዊ ተሻግረን ሦስት ሌሊት እንድንዋኝ፣ የመጨረሻዎቹን ሁለት ሌሊቶች ደግሞ ለአውሮፕላን ማረፊያው በሚቀርበው በስቶን ታውን እንድናሳልፍ ደለደለችልን። ጥር በዚያ ደሴት «ካስካዚ» የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ የሚነፍስበት ደረቅ ወቅት ነው፤ ከባዱ ዝናብ የሚመጣው ከመጋቢት ጀምሮ ነው። ከጥምቀት በኋላ ጾሙ ሳይገባ ለመሞሸር የሚሯሯጥ የእኛ አገር ሙሽራ፣ ሳያውቀው፣ ለዛንዚባር የተመቸውን ጊዜ መርጧል ማለት ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ከተወሰደ አሥር ቀን ካልሞላው የጉዞ ካርዱ እንደማይጸና አስታውሳ በጥምቀት ዋዜማ ሰሞን ከልብስ ስፌቱ ወረፋ አውጥታ ወደ ክትባቱ የወሰደችኝም እርሷ ናት። ደሴቲቱ ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእንግዳ ሁሉ የምትጠይቀውን የ44 ዶላር የጉዞ መድን ስንከፍል አጉረምርመን ነበር፤ ያኔ የተናገርነውን እዚህ ባልጽፈው ይሻላል።

ስለ ገንዘቡ ሁለት ሰዎችን ሳላነሣ አላልፍም። የእቁብ ዕጣ ወጥቶላት ሳለ ተራዋን ለእኔ የለቀቀችልኝ የቢሮ ባልደረባዬ፣ ለልጇ ትምህርት ቤት ክፍያ አስባው የነበረ መሆኑን የሰማሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው። በዋሽንግተን የምትኖረው የባለቤቴ የአክስት ልጅ ደግሞ የፓጄውን ማረፊያ የአራት ሌሊት ሒሳብ በራሷ ካርድ ከፍላ፣ «የሠርግ ስጦታዬ ይኸው ነው፤ ብርድ ልብስ አልልክም» የሚል መልእክት ብቻ ሰደደችልን።

ጥር 22 ሐሙስ ከቦሌ ተነሥተን ሦስት ሰዓት ያህል በርረን ደረስን። በማግስቱ ዓርብ ነበርና ገና በመጀመሪያው ቀን ማረፊያውን አስቸገርነው። ለአዲስ ሙሽሮች ብለው ዓሣና ኦክቶፐስ አሰናድተው ሲጠብቁን፣ ባለቤቴ በአፍረት ረቡዕና ዓርብ ሥጋም ወተትም ዕንቁላልም ዓሣም እንደማንበላ አስረዳ። የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሙስሊም ናቸው፤ ጾም ምን እንደሆነ ማንም እንዲያስረዳቸው አላስፈለገም። በኮኮናት ወተት የበሰለ ሩዝና ባቄላ እንደሚሠሩልን ሲነግሩን «ወተት» የሚለውን ቃል ሰምቼ አመነታሁ። ያን ጊዜ ወደ ጓዳ ወስደው አሳዩኝ፦ ጫፉ ላይ ጥርስ ያለው ብረት የተተከለበት አጭር መቀመጫ ላይ ወጣቷ ረዳታቸው ተቀምጣ የተገመሰውን ኮኮናት በብረቱ ላይ እያዞረች ትፍቃለች፤ ፍቅፋቂው በለብታ ውኃ ታሽቶ በወንፊት ሲጨመቅ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። መቀመጫውን «ምቡዚ» ይሉታል፤ ትርጉሙ ፍየል ነው። በጾም ቀን ፍየል ላይ ተቀምጬ ኮኮናት ፍቄያለሁና የንስሐ አባቴ ይህን ካነበቡ ይፍቱኝ። ያን ዕለት የበላነውን ባቄላና ጎመን መሰሉን ቅጠል የሚያህል የጾም ምግብ በሆቴል ቤት ቀምሼ አላውቅም። እናቴ የቋጠረችልንን ሚጥሚጣ ለኃላፊው ሰጠናቸው፤ በማግስቱ ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ እየሳቁ አመሰገኑን።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ባሕሩ እህቴ እንዳለችው ርቆ ሸሸ። ጀልባዎቹ አሸዋ ላይ ተጋድመው ቀሩ፤ እኛም ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውኃ ውስጥ እየረገጥን ወደ ውስጥ ገባን። እዚህ ላይ የባለቤቴን ጥፋት በእርሱው ፈቃድ እጽፋለሁ፦ እህቴ አስገድዳ ያስገዛችውን የጎማ ጫማ ክፍል ውስጥ ትቶት ነበር። የባሕር ጃርት ረገጠ። ጥቋቁር እሾሆቹ ተረከዙ ውስጥ ተሰብረው ሲቀሩ ያ ሁሉ ቁመቱ ታጥፎ ውኃው ላይ ተቀመጠ፤ እኔም የምሠራው ጠፍቶኝ ቆምኩ።

በአቅራቢያችን ሴቶች በአጫጭር እንጨቶች መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ያስሩ ነበር። «ሙዋኒ» ይሉታል፤ ስድስት ሳምንት ገደማ አሳድገው፣ አድርቀው ይሸጡታል። ከእነርሱ አንዲት እናት ሥራቸውን ትተው መጡና «ፖሌ፣ ፖሌ» እያሉ እግሩን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ቃሉ የእኛን «አይዞህ» ይመስላል፤ ባንማረውም ገባን። እኔ እሾሁን በጥፍሬ ለማውጣት ስሞክር እጄን መለስ አደረጉኝ፤ ተሰባሪ ስለሆነ ይበልጥ ይገባል ማለታቸው ነበር። ልጅ ልከው ያልበሰለ ፓፓያ አስመጡ፣ ልጣጩን በቢላ ጫፍ ሲጭሩት የወጣውን ነጭ ፈሳሽ በየቀዳዳው ላይ አንጠባጠቡለት። ከሰዓት በኋላ ክሊኒክ ወስደነው ቁስሉ ታጥቦ የቴታነስ መርፌ ተወጋ እንጂ፣ የመጀመሪያውን ሰዓት ያሳለፈልን የእኚያ እናት እጅ ነው። ገንዘብ ብንሰጣቸው እንቢ አሉ። ዳቦ ቆሎውን ግን ተቀበሉን፤ ቀምሰው ለጓደኞቻቸው አከፋፈሉት። ይህን ጽሑፍ እንደማያነቡት አውቃለሁ፤ ቢሆንም ስማቸውን ሳልጠራ በሰው ፊት አመሰግናቸዋለሁ።

ኑንግዊ ስንደርስ ማክሰኞ ወደ ምኔምባ ደሴት በጀልባ ሄደን በመነጽርና በመተንፈሻ ቱቦ ዓሣ ልናይ ቀብድ ከፍለን ነበር። የጀልባው ናሆዳ፣ ማለት ካፒቴኑ፣ የባለቤቴን እግር ሲያዩ ጉዞውን ያለ ተጨማሪ ክፍያ ወደ ሐሙስ አዛወሩልንና፣ በምትኩ ማክሰኞ አመሻሹ ላይ በሸራ በሚሄደው ዳው የባሕሩን ዳር ይዘው አዞሩን። ባለቤቴ በታጠፈ ሸራ ላይ እግሩን ሰቅሎ፣ እኔ አጠገቡ ተቀምጬ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ ማንም ምንም አልተናገረም። በዕቅዳችን ላይ ያልነበረ አንድ ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ከሁሉ አስቀድሜ የማስታውሰውም ይህንኑ ነው። ሐሙስ በስንት ሰዓት እንደምንገናኝ ስንጠይቃቸው የማረፊያው ወረቀት 7 ይላል፤ እርሳቸው ግን አንድ ጣታቸውን አንሥተው «ሳ ሞጃ» አሉን። ስዋሂሊም እንደ እኛ ሰዓቱን ከንጋት ጀምሮ ይቆጥራልና ጠዋት አንድ ሰዓት ማለታቸው ነው። ለፈረንጅ ሰዓት ስንቀንስና ስንደምር ኖረን በሰው አገር በራሳችን ሰዓት ቀጠሮ ያዝን።

ምኔምባ ትንሿ ደሴት ላይ የሚወርደው እዚያው ደሴቷ ላይ ያለው ማረፊያ እንግዳ ብቻ ነው፤ ሌላው ሰው በዙሪያዋ ባለው የኮራል ዳርቻ ይዋኛል። ባለቤቴ ጣና ዳር ያደገ ነውና እግሩ ሻር እንዳለለት ዘለለ። እኔ መዋኘት አልችልም። የናሆዳው ረዳት የመንሳፈፊያ ቀለበት ሰጥቶኝ በገመድ ይጎትተኝ ነበር፤ ፊቴን ውኃ ውስጥ ስነክር ቢጫና ጥቁር መስመር ያላቸው ዓሣዎች ከእጄ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ ኮራሉን ይለቅማሉ። ጮህኩ፤ በቱቦው ውኃ ገባብኝ። ልጁ በትዕግሥት ሦስት ጊዜ መነጽሬን አራግፎ አጠለቀልኝ።

በዚያው ቀን ወደ ስቶን ታውን ስንወርድ በቅመም እርሻ አለፍን። አስጎብኚው ቅጠል እየቀጠፈ «ይህ ምንድን ነው» ይላል፤ እኔ በአማቴ ጓዳ የሰለጠነ አፍንጫዬን ይዤ ቅርንፉዱን፣ ቀረፋውን፣ ቁንዶ በርበሬውን፣ እርዱን ሁሉ አወቅሁ። ያልታወቀኝ ገውዙ ነበር፤ ቀይ መረብ የመሰለ ልብስ ለብሶ ከፍሬው ውስጥ ሲወጣ አይቼ አላውቅምና። አማቴን፣ ስላስተማሩኝ፣ ያን ሰዓት በልቤ አመስግኛለሁ።

ስቶን ታውን ውስጥ እህቴ አጥብቃ ያሳሰበችን አንድ ቦታ ነበር፤ ለጫጉላ አይሆንም ብለን ልንተወው ያልነው። በ1873 እ.ኤ.አ. በተዘጋው የባሪያ ገበያ ቦታ ላይ የተሠራው የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ነው። በግቢው ጉድጓድ ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ የድንጋይ ሰዎች ቆመዋል። ብዙ አልቆየንም፤ ባለቤቴ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። ሳናየው ብንመለስ ያሳፍረን ነበርና፣ እህቴ፣ ይህንንም ስላልሰረዝሽው አመሰግናለሁ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ቻንጉ ደሴት ተሻግረን በ1919 እ.ኤ.አ. ከሲሼልስ በስጦታ የመጡትን የግዙፍ ኤሊዎች ዘር አየን። ዕድሜያቸው በጀርባቸው ላይ በቀለም ተጽፏል፤ ከመቶ ያለፈ ቁጥር የያዘውን ፎቶ አንሥተን ለዋናው ሚዜ ስንልክለት «እንደ አብርሃምና ሣራ ማለት ቀርቶ እንደ ኤሊ ያድርጋችሁ ይባል» ብሎ መለሰልን። እርሱንም፣ ቤታችንን ጠብቆ አበባውን ውኃ ስላጠጣልን፣ እናመሰግነዋለን፤ ሁለቱ ቢደርቁም።

የካቲት 1 ቀን ቦሌ ስንደርስ ዳቦ ደፍታችሁ ለተቀበላችሁን ወላጆቻችን ምስጋናችን የላቀ ነው። ከእርሻው ያመጣነውን ቅርንፉድ በትንንሽ ከረጢት ቋጥረን በየቤቱ እያዞርን ነው፤ እስከ ነነዌ ጾም መፍቻ ያልደረሳችሁ ካላችሁ ለዋናው ሚዜ ደውሉለት፤ የቀረው እርሱ ዘንድ ነው።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
ሙሽሮቹ